ሦስተኛው ዊንች ሲሞቅ

አስቶሪያ፣ አፕሪል 21 ቀን 1966

ውድ ልጄ ሮልፍ፣

«ውድ» ብዬ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እናትህ በሕይወት ሳለች ደብዳቤውን ሁሉ የምትጽፈው እሷ ነበረች፤ እኔ ከታች ስሜን ብቻ አኖርበት ነበር። ስለዚህ ቃሉን አይተህ አባቴ ታሟል ብለህ አትደንግጥ። አልታመምኩም። ይህን ወረቀት ግን እስከ መጨረሻው አንብበው። ሥራ ላይ ከሆንክ ሥራውን አስቁመህ አንብበው።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። አሮጊቷ መርከባችን ታልማን ከተኛችበት ወጥታ እንደገና ቀለም መቀባቷን፣ ሦስተኛው የጭነት ጎተራ ከነጭነት ማንሻ ዊንቹ ላንተ መሰጠቱን፣ እስከ አፉ የሞርታር ጥይት ጭናችሁ ወደ ቬትናም እንደምትነሱ ጽፈህልኛል። አባትህ አለቃ በነበረበት የጎተራ አፍ ላይ አንተም አለቃ ሆነህ መቆምህ ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ አልደብቅም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን እንዲህ ይላል፦

«ዊልክስ የሚባል የዊንች ሠራተኛ አለኝ። ዊንቹ ይንሸራተታል እያለ ያስቸግረኛል። አንተ ቤት ውስጥ ትለው የነበረውን ነገርኩት፤ ዊንች አይንሸራተትም፣ የሚንሸራተተው እጅ ነው አልኩት። ሰዉ ሁሉ ሳቀበት። ከዊንቹ እጀታ አንሥቼ ጀልባ ላይ መድቤዋለሁ። ከታች ሆኖ ጭነት ሲወርድለት ዊንች ምን እንደሆነ ይማራል።»

ይህን የጻፍከው እንድስቅ ብለህ ነው። አንብቤ ስጨርስ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ፤ ወዴት ልሄድ እንደተነሣሁ ግን አላወቅሁም።

በኋላ ኮፍያዬን አድርጌ ቴሌግራም ቤት ሄድኩ። «ሦስተኛው ዊንች ሲሞቅ አትመነው። ዊልክስን ከጀልባው አንሣው። አባትህ» ብዬ ጽፌ ለቴሌግራም ጸሐፊዋ ሰጠኋት። ልጅቷ ወረቀቱን ገልብጣ አየችው።

«አቶ ሎክን፣ ይሄ ነገር የሚስጥር ቃል ነው እንዴ? ለጦር መርከብ የሚስጥር ቃል ካስተላለፍኩ ከሥራ ያባርሩኛል።»

«ዊንች ማለት ዊንች ነው፤ ሲሞቅ ማለትም ሲሞቅ ነው። እንዳለ ጻፊው።»

«እሺ፣ አይቆጡ። መጨረሻው ላይ ‹በፍቅር› ልበልበት?»

«አትበይ» አልኳት። አሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወደ ወደቡ ስልክ ደወልኩ። ሦስት ሰው ከተቀባበለኝ በኋላ አንዱ ጸሐፊ ታልማን ባለፈው ሐሙስ ወጥታለች አለኝ። መልእክት በሬዲዮ እንዲያደርስልኝ ብለምነው፣ «አባት ሁሉ መልእክት አለው፣ ጌታዬ» ብሎ ዘጋው።

ቴሌግራሙ ቢደርስህም እንደማይበቃ አውቃለሁ። ልጄ ነህ። ወረቀቱን አጣጥፈህ ኪስህ ትከተውና «ሽማግሌው አርጅቷል» ትላለህ። በአንተ ቦታ ብሆን እኔም የምለው ያንኑ ነው። በቃሌ ብቻ ያመንከኝን ነገር በቃሌ ብቻ ላስጥልህ አልችልም። ስለዚህ ምክንያቱን ማወቅ አለብህ።

ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን ክፈፍ ታውቀዋለህ። ከመርከቧ ስሰናበት የሰጡኝ የአገልግሎት ታሪኳ ነው፤ አንድ ገጽ። ልጅ ሳለህ ወንበር ላይ ቆመህ በቃልህ ትለው ነበር። በ1944 መጨረሻ ሰንደቋን ሰቀለች፤ በኦኪናዋ ዳርቻ ከምድቧ መርከቦች ሁሉ ቀድማ ጭነቷን አራግፋ ተመሰገነች፤ ጃፓን፣ ከዚያ በኮሪያ ጦርነት ኢንቾን፣ ሁንግናም፤ በ1955 ከተጠባባቂ መርከቦች ጋር ታሰረች። አንተ «ተመሰገነች» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅህን ከፍ ታደርግ ነበር። እናትህ ታጨበጭባለች። እኔ ጋዜጣ አነባለሁ።

ያች ምስጋና የመጣችው ሦስት ሰዎች በሞቱበት ቀን ነው። ገጹ አይለውም።

የዚህ ዓይነት መርከብ አጫጫን ታውቃለህ፤ በዳርቻው መጀመሪያ የሚፈለገው መጨረሻ ይጫናል። ያን ጊዜ ጎተራ ሦስትን ያቀድኩት እኔ ነበርኩ። ላይኛው የሞርታር ጥይት፣ ከሥሩ የመጠጥ ውኃ፣ ከሥሩ የቁስለኛ መድኃኒት። ሁሉም የሚወጣው በአንድ አፍ፣ በአንድ ዊንች ነው። ላይኛው ካልወጣ የታችኛውን ጣት አይነካውም። በዚያ ላይ የጠመኔው ነገር ነበር። ምናልባት አሁንም አለ። እያንዳንዱ ጎተራ ያወጣውን የጭነት መረብ ብዛት በአፉ ጠርዝ ላይ በጠመኔ ይጭራል፤ አምስቱ ጎተራዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። ሦስተኛው ተበልጦ አያውቅም ነበር። ከእኔ ጋር ሆኖ ሊበለጥም አይችልም ነበር።

የዊንቹን እጀታ የሚይዘው ዴልማር ፕሩዊት የሚባል የአርካንሳስ ሰው ነው። ስሙን ከእኔ ሰምተህ አታውቅም። ከዚያ ሰው የተሻለ እጅ አላየሁም፤ እንቁላል በመረብ አድርገህ ብትሰጠው ጀልባ ላይ ሳይሰበር ያስቀምጥልህ ነበር። ያን ቀን ከማለዳ ጀምረን ለሁለት ሰዓት ሳናቋርጥ ሠርተናል። ሰማዩ በጢስ ጠቁሯል። ከዳርቻው በየደቂቃው ጥይት ላኩ ይሉናል። ዴልማር እጁን አንሥቶ ጠራኝ።

«አለቃ፣ ይሄ ነገር እየተንሸራተተ ነው።»

«ማን ነው የሚንሸራተተው?»

«ፍሬኑ። እጀታውን መሃል ላይ አድርጌው ጭነቱ ይወርዳል። ብዙ አይደለም፤ አንድ ስንዝር።»

«ጠዋት ሞክሬዋለሁ። ሁለት ቶን አንጠልጥዬ ሩብ ሰዓት አቆይቼዋለሁ። ንቅንቅ አላለም።»

«ጠዋት ቀዝቃዛ ነበር። አሁን ክዳኑ ላይ ምሳህን መጥበስ ትችላለህ። ደግሞ ድምፁ ተለውጧል።»

«ድምፁ? ሙዚቀኛ ሆንክልኝ እንዴ?»

ልጆቹ ሳቁ። ዴልማርም አብሮ ፈገግ አለ። «እኛ አገር በቅሎ እንኳ ሲደክማት ትቆማለች፣ አለቃ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ይረፍ» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ያልኩት። ቤት ውስጥ ስለው የሰማኸውን፣ አንተም ለዊልክስ የደገምከውን ያን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ያልኩት ለእሱ ነው። ሳቁ በረታ። ዴልማር ፊቱን ወደ እጀታው መለሰ። ከዚያ በኋላ አላጉረመረመም።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይመስለኛል። ከበታቻችን ጭነቱን ወደ ዳርቻው የምታደርስ የማረፊያ ጀልባ ተጠግታለች፤ ነጂው ታይስ፣ ከእሱ ጋር ኩዊንላንና ማርቺኖ። ማዕበሉ ጀልባዋን ገፋ አደረጋት። ዴልማር መረቡን ከበላያቸው አንጠልጥሎ እስክትመለስ ጠበቀ፤ እጀታው መሃል ላይ ነው፤ አይቻለሁ። ታይስ አፉን በእጁ ከብቦ ወደ ላይ ጮኸ፦ «ዛሬ ነው የምታወርዱት ወይስ እራት እንዘዝ?» ጀልባዋ ተመለሰች። መረቡም መውረድ ጀመረ። ማንም አላወረደውም። መጀመሪያ አልወደቀም፤ ዝም ብሎ፣ ሰው ዐውቆ እንደሚያወርደው ሁሉ ቀስ ብሎ ወረደ። ዴልማር እጀታውን ወደ ማንሻው ወሰደው፤ ገመዱ የሚጠቀለልበት ከበሮ ግን አንዴ ፈጥኗል። አንድ ቶን ተኩል ጥይት ነበር። አልፈነዳም። ጀልባዋን ለሁለት ከፍሎ አልፎ ሄደ። ከሦስቱ አንዱንም አላወጣንም።

የአራተኛውን ጎተራ ዊንች አዙረን ሥራውን ቀጠልን። ከዚያ ሁሉ በኋላም ከምድቡ ቀድመን ጨረስን።

በሦስተኛው ቀን ሦስት መኮንኖች መጥተው መረመሩ። ዊንቹን ጠዋት ላይ፣ ቀዝቃዛውን፣ በሁለት ቶን ሞከሩት፤ እንደ ድንጋይ ቆመ። ከዚያ እኔን ጠሩኝ።

«ዊንቹ ጤነኛ ነበር?»

«ጤነኛ ነበር። ራሴ ሞክሬዋለሁ።»

«ሠራተኛው ስለ ዊንቹ ቅሬታ አቅርቦ ነበር?»

«አላቀረበም» አልኩ።

እጄን አንሥቼ ምዬ ነበር። ዴልማር ከጎኔ ቆሟል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ምን ሰማሁ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስተያየት ነው ያየኝ። ሲስቁ የነበሩት ስድስቱ ሰዎችም ተጠየቁ። ስድስቱም ምንም አልሰማንም አሉ። እንዲህ በሉ አላልኳቸውም፤ ማለት አላስፈለገኝም። ዴልማር ማዕረጉ ተነሥቶ በሚቀጥለው መርከብ ወደ አገሩ ተላከ። መዝገቡ ላይ «በዊንች ሠራተኛው ቸልተኝነት» ተብሎ ተጻፈ።

ልጄ፣ ያን ቀን ውሸታም መሆኔን አላመንኩም ነበር። ይህን እንድትረዳልኝ እፈልጋለሁ፤ ይቅር እንድትለኝ ግን አልጠይቅህም። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ማንበብ የተማርኩት ከመርከብ መመሪያዎች ነው፤ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ ቃል በቃል፣ ሁለት ክረምት ሙሉ። መመሪያ ያልጻፈው ነገር እውነት አይመስለኝም ነበር። የዊንቹን መመሪያ ደግሞ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ስለ መሞቅ አንድ ቃል የለበትም። ስለዚህ የዴልማር ወሬ ቅሬታ ሳይሆን ሰበብ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰበብን ደግሞ ለመርማሪ አልነግርም።

ይህ ማሳመኛ የቆየልኝ ስምንት ቀን ነው። በዘጠነኛው ቀን ሰዉ እሑድ ጸሎት ላይ ሳለ ብቻዬን ወደ ዊንቹ ሄድኩ። የመሞከሪያውን ክብደት አንጠልጥዬ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሳላቋርጥ አወጣሁ፣ አወረድኩ። ከዚያ እጀታውን መሃል ላይ አደረግሁና እጄን አነሣሁ። ክብደቱ መጀመሪያ አራት ጣት ወረደ። ቀጥሎ ስንዝር። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ አየሁት።

የአዛዡ ክፍል ከዚያ ሠላሳ እርምጃ ነው። አልሄድኩም።

ከዚያ ወዲያ ያደረግሁትን ብዙ ሰው ጥንቃቄ ነው ይለዋል። በሦስተኛው ጎተራ በየሰዓቱ ሩብ ሰዓት ሥራ አቁሙ የሚል ደንብ አወጣሁ። ምክንያቱን ለጠየቀኝ ሁሉ የብረት ገመዱ ይጠረግ እላለሁ። «አለቃችን ገመድ ካላጠበ ምሳ አይወርድለትም» ብለው ይቀልዱብኝ ነበር። ጠመኔውን ተበለጥን፤ ተበልጠንም ቆየን። በኢንቾን አንድ ሰው አልተጎዳም። በሁንግናም በረዶ ላይ ዊንቹ ሊሞቅ እንኳ አልቻለም። ደንቡን ግን የትም አልጻፍኩትም። ብጽፈው አንዱ ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ለምን የሚለው ጥያቄ ደግሞ ወደ ታይስ፣ ወደ ኩዊንላን፣ ወደ ማርቺኖ ይመልሰኛል። ከመርከቧ ስወርድ ደንቡም አብሮኝ ወረደ። አሥራ አንድ ዓመት ታስራ ቆይታ ስትነሣ፣ አንተ የተረከብከው ዊንቹንና ያን ቃሌን ብቻ ነው።

ፍሬኑ ታድሷል፣ ልባሱ ተቀይሯል ትለኝ ይሆናል። እኔም ሁለት ጊዜ አስቀይሬዋለሁ፤ ለውጥ የለውም። ጥፋቱ ያለው ፍሬኑ በተቀመጠበት ቤት ነው፤ ጠባብ ነው፣ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ሌሎቹ ዊንቾች ደርቡ ላይ ነፋስ ያገኛሉ፤ ሦስተኛው በምሰሶው ጥግ ተወሽቋል። ዊልክስ የነገረህ እውነት ነው። አንተ ግን እንዳልሰማኸው ሆነህ ከመንጠቆው ሥር አስቀምጠኸዋል። እኔ እንኳ ዴልማርን ከሥሩ አላስቀመጥኩትም።

ዴልማር በሄደ በዓመቱ አንድ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። አንድ መስመር ነው፦ «አለቃ፣ እውነት እጄ ነበር?» አልመለስኩለትም። ደብዳቤው ሃያ ዓመት መሣቢያዬ ውስጥ ተኝቷል።

ትናንት ጠዋት ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩለት። ሚስቱ አነሣች። ማን ልበለው ስትለኝ ኢናር ሎክን፣ ከታልማን አልኳት። ስልኩን ሳትሸፍን ተጣራች፤ «ዴልማር፣ ከመርከቧ ነኝ የሚል ሰው ነው። ልዝጋው?»

መጥቶ ያዘው። ሰላምታ አልተለዋወጥንም።

«እጅህ አልነበረም» አልኩት። «ፍሬኑ ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሞክሬ አይቼዋለሁ።»

 ከኋላው ሬዲዮ ይሰማል፤ የአየር ጠባይ ያወራል።

«ከዘጠኝ ቀን በኋላ» አለ።

«አዎ።»

«እኔ ያን ጊዜ ገና ባሕር ላይ ነበርኩ። አገሬ እንኳ አልደረስኩም።»

«አዎ።»

«ታውቃለህ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ መኪና አልነዳም። እዚህ ሰው ሁሉ ይነዳል፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ትራክተር ይነዳል። እኔን ሚስቴ ናት የምታመላልሰኝ። የዘር መደብር ውስጥ ከረጢት እሰፋለሁ። ለልጅ ልጆቼ ዥዋዥዌ ስሠራ ገመዱን ጎረቤት ነው ያሰረልኝ። እጄን አላምነውም።»

ከዚያ ጠየቀኝ፦

«ለምን ዛሬ ደወልክ?»

«ልጄ እዚያ ነው። የሦስተኛው አለቃ ነው። ዊንቹ ይንሸራተታል ያለውን ሰው ጀልባው ላይ አድርጎታል።»

«እንግዲያ ለእኔ ብለህ አልደወልክም።»

«አልደወልኩም።»

«ቢያንስ አሁን አትዋሽም» አለ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ የሥራ ድምፅ ሆነ፣ ያ እጀታውን ይዞ ሲጠራኝ የነበረው። «ስማኝ፣ አለቃ። ለልጁ እንዲህ በለው። እጀታው መሃል ላይ ሲገባ ፍሬኑ ጠቅ ይላል። ደህና ከሆነ ሁልጊዜ ጠቅ ይላል። ሲሞቅ ያች ድምፅ እየሰለለች ትሄድና ትጠፋለች። ሳትሰማት ጭነት አያንጠልጥል። ያን ቀን ልነግርህ የነበረው ይህንን ነው። ድምፁ ስልህ ሙዚቀኛ አልከኝ።»

«ብዬሃለሁ።»

«ሌላም አለ። እኔ እጄ እንዳልሆነ አንተ ብቻህን ለእኔ ብቻ ብትነግረኝ አይበቃኝም። በሰው ፊት ነው የሳቃችሁብኝ። ልጅህ ደብዳቤህን እዚያው ጎተራ አፍ ላይ፣ ለሰዎቹ ያንብበው። የእኔንም ስም፣ የአንተንም ስም።»

«ይነበባል» አልኩት።

ስልኩን ዘጋው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ የምታደርገው ይኸው ነው። ሰዎችህን ሰብስብና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ማክሰኞ የደረሰኝን የአንተን ቃልም ሳትዘል፣ የእኔን ውሸት ሳትዘል። ሰምተው ሲጨርሱ ዊልክስን ከጀልባው አውጣውና በሁሉም ፊት «ልክ ነበርክ» በለው። እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ልጄ ነህና እንደ ድንጋይ ይከብድሃል። እኔ ይህን ቃል ለመናገር ሃያ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አንተ ግን ዳርቻው ሳይደርስ መጨረስ አለብህ። ከዚያ ወደ አዛዥህ ሂድና ዊንቹን ሞቆ ሳለ አስሞክረው። እምቢ ካሉህ በየሰዓቱ አቁመው፤ ምክንያቱንም ጻፍ፣ በመርከቧ መዝገብ ላይ፣ በስምህ። ዳርቻው ቢጮህብህ፣ ጠመኔው ቢበልጥህ፣ አቁመው።

ምርመራውን ላደረገው ቢሮም ዛሬ ጽፌያለሁ። ቃለ መሐላዬ ሐሰት ነው ብያለሁ። ጡረታዬንም ሊነሡኝ ይችላሉ፤ ይንሡኝ። ለታይስ፣ ለኩዊንላንና ለማርቺኖ ቤተ ሰቦች የሚጻፈውን ግን ገና አልጻፍኩም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት።

የአየር ፖስታ መርከባችሁን እስኪያገኝ ሁለት ሳምንት ይፈጃል ብለውኛል። በካርታው ላይ ለክቼዋለሁ፤ እናንተ ደግሞ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ያስፈልጋችኋል፤ ከተነሣችሁ ዛሬ ስምንተኛ ቀናችሁ ነው፤ የቀራችሁም ሁለት ሳምንት ያህል ነው። እኔ አንድ ቀን ካዘገየሁ ደብዳቤውም አንድ ቀን ይዘገይብሃል፤ ስለዚህ አሁኑኑ ተነሥቼ ወደ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ የምሠራው ሥራ የለኝም። በየጠዋቱ ጋዜጣ እገዛለሁ። የመርከቦቹን ወሬ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። ታልማን የሚለውን ስም ያላገኘሁበት ቀን ሁሉ ደኅና ውለህልኛል ማለት ነው።

ሮልፍ፣ እወድሃለሁ። ይህንንም ሳትዘል አንብብላቸው።

አባትህ
ኢናር ሎክን